ደብተሩ ሲቃጠል የሚቀረው

ከመርካቶ ገበያ ሁካታ ወጥቶ ወደ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ የሚሄድ ሰው፣ ሸክም የተሸከመው ወዛደር መንገድ ልቀቁልኝ እያለ ሲጮኽ፣ የታክሲው ረዳት ተሳፋሪውን ሲጠራ፣ ሻጭና ገዢ በዋጋ ሲከራከሩ እየሰማ፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ በላይ የደብረ አሚን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ያደምጣል። በዚህ መንገድ ዘወትር የምንመላለስ ሰዎች ስሙን በየቀኑ እየጠራነው ምስጢሩን ግን ልብ ሳንለው ኖረናል። ተክለ ሃይማኖት ማለት የሃይማኖት ተክል ማለት ነው፤ አሚንም በግእዝ ማመን ማለት ነው፤ ሃይማኖትም፣ አማንም፣ እምነትም፣ ታማኝም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ጥቂት እልፍ ብሎ ባለው በታላቁ አንዋር መስጊድ የሚሰግደው ነጋዴም አደራን አማና ብሎ ሲጠራ፣ ከዚያው ከጥንቱ የሴም ልሳን የተቀዳውን ቃል መናገሩ ነው።

አማርኛችን ለፈጣሪ የሚሰጠውንና ለባለሱቅ የሚሰጠውን እምነት በአንድ ቃል መጥራቱ አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ይመዝኑ እንደ ነበር ያስረዳል። «በእምነት ሰጠሁት» ያለ ነጋዴ ወረቀት አላስፈረመም፣ ምስክር አልጠራም ማለት ነው፤ በመካከላቸው የቆመው ዳኛ የተቀባዩ ኅሊና ብቻ ነበር። ዛሬ ይህ ገበያ በወረቀት፣ በስልክና በካሜራ እየተለወጠ ነው። ለውጡም፣ መታመን ምንድን ነው፣ ጠባይ ከየት ይገኛል፣ ሰውን የሚያሠራ ሰውስ በምን ይመራል የሚለውን ጥንታዊ ጥያቄ እንደ ገና በፊታችን አቁሞታል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጥያቄ በመርካቶ ሚዛን መመርመር ነው።

ቁልፍ የማስረከብ ሥርዓት

ንግድ በአገራችን ከቀድሞ ጀምሮ አለቃና ዳኛ የነበረው ሥራ ነው። ነጋድራስ ይባል የነበረው ሹም ቀረጥ ከማስከፈሉ ጋር በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ይዳኝ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ የአዲስ አበባውን ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስን የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድረጋቸው፣ ገበያን መምራት አገርን ከመምራት የማይለይ ሥራ ሆኖ ይቈጠር እንደ ነበር ያመለክታል። የከተማይቱ ገበያ በዚያን ዘመን በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ የኢጣልያ ወራሪ ከተማይቱን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ የአገሬውን ሰው ከነጮቹ ሰፈር ለማራቅ ሲል፣ ገበያውን ወደ ምዕራብ ወደ አዲስ ከተማ አዛወረው፤ ወራሪው ሲወጣም መርካቶ የሚለው ቃል ከነገበያው ቀረ።

ወደዚህ አዲስ ገበያ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከዶርዜ፣ ከጎጃምና ከሐረር የመጣው ወጣት፣ አንዳንዱ በአረብ ሱቅ ውስጥ በተላላኪነት፣ አንዳንዱ ጫማ በመጥረግ፣ አንዳንዱ ጭነት በመሸከም ሥራውን ጀምሮ፣ ከዘመናት በኋላ የገበያው ባለቤት ለመሆን የበቃው ትምህርት ቤት ሳይገባ ሳይሆን፣ ሱቁ ራሱ ትምህርት ቤት ስለ ሆነለት ነው። በገዳም ረድእ አባቱን እያገለገለ ሥርዓቱን እንደሚማር ሁሉ፣ የሱቅ ልጅም አስቀድሞ ይጠርጋል፣ ይሸከማል፤ ቀጥሎ ጨርቅ ሲለካ እጁን ወደ ራሱ ሳይስብ መለካትን ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ የገንዘብ ሣጥኑን ይጠብቃል፤ ከሁሉ በመጨረሻ ጌታው አንድ ማታ «አንተ ዝጋው» ብሎ የሱቁን ቁልፍ ይሰጠዋል። ያ ቁልፍ ዲፕሎማው ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጁ የራሱን ሱቅ ለመክፈት ሲነሣ፣ ጌታው ዕቃውን በዱቤ ሰጥቶ ያቋቁመው ነበርና፣ የልጁ መታመን በመጨረሻው ካፒታሉ ሆኖ ተገኘ።

ለማይታወቀውም ሰው ቢሆን ሥርዓት ነበረው። ሥራ የሚፈልግ ሰው ተያዥ ያቀርባል፤ ተያዡም ልጁ ገንዘብ ይዞ ቢጠፋ ከኪሴ እከፍላለሁ ብሎ ስሙን የሚያስይዝ ሰው ነው። የእቁብ ዕጣ የወጣለትም ሰው ዋሱን ሳይጠራ ገንዘቡን አይቀበልም። ይህ ልማድ ከሕጋችን ጋር የሰመረ ነበር፤ ከግብጽ መጥቶ ተተርጉሞ ለብዙ ዘመን ሲዳኘን የኖረው ፍትሐ ነገሥት፣ ከ51 አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው፣ 29ኙን ለሥጋዊው አስተዳደር ሰጥቶ፣ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ዋስና ስለ አደራ በየተራው ይደነግጋል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የሚለው አነጋገርም፣ ሕግ የማይደርስበትን ቦታ ጠባይ መጠበቅ እንዳለበት የሚያሳስብ የሕዝብ ድንጋጌ ነው።

ሆኖም የቀድሞውን ዘመን ያለ ነቀፋ ማመስገን ለእውነት አይመችም። ተያዥ የሌለው ሰው፣ ማለት ወላጆቹን ያጣ፣ ከሩቅ አገር ብቻውን የመጣ፣ ወይም «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የሚጠራው ታዋቂ ስም የሌለው ሰው፣ ምንም ታማኝ ቢሆን ከሱቁ ደጃፍ አያልፍም ነበር። ሴቶችም ከዚህ የመተማመን ሰንሰለት ውጭ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነበር። የሱቅ ልጅ በሱቁ ወለል ላይ እያደረ፣ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ ሳይነገረው ዓመታት የሚያገለግልበት ሁኔታም ነበር። እንግዲህ የቀድሞው መታመን ጥልቅ ነበር እንጂ ሰፊ አልነበረም፤ ዘመድና ጎረቤት ለሆነው ጥላ ሲሆን ለእንግዳው ግድግዳ ነበር።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ጠባይ አለመሆኑንም የታሪክ ሊቃውንት አስረድተዋል። በ11ኛው መቶ ዘመን በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ ይነግዱ የነበሩት የመግሪብ አይሁድ ነጋዴዎች፣ በካይሮ በፉስጣጥ ምኵራብ በተገኙት ደብዳቤዎቻቸው እንደሚታየው፣ ከመካከላቸው አንዱን የካደ ወኪል በሁሉም ዘንድ ሥራ እንዲያጣ በማድረግ ይተማመኑ ነበር፤ እነዚህን ደብዳቤዎች የመረመረው የኢኮኖሚ ሊቅ አቭነር ግሬፍ፣ ይህ ሥርዓት በውስጡ ላሉት ጽኑ ቢሆንም ከማኅበሩ ውጭ ሊሰፋ እንዳልቻለ፣ በጽሑፍ ውልና በችሎት የተማመኑት የጄኖቫ ነጋዴዎች ግን ከማያውቁት ሰው ጋር ጭምር ለመነገድ እንደ በቁ ይተነትናል። መርካቶም ዛሬ ከመጀመሪያው መንገድ ወደ ሁለተኛው በመሻገር ላይ ናት።

መሣሪያው የሚያየውና የማያየው

ሽግግሩ በአንድ ቀን አልመጣም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ በ15 በመቶ ሲጣል ደረሰኝ የንግድ ሁሉ ምስክር ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ደግሞ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያን ወደ ሱቁ አስገባ። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን እየተወ ከስልክ ወደ ስልክ መሄድ ጀመረ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ መጣ። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የኖረውን የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀንም የብር ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ሠራተኛና አሠሪ የሚተዳደሩበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሙከራ ጊዜን በ60 የሥራ ቀናት ወስኖ፣ ሥራ ለለቀቀ ሠራተኛ አሠሪው የሥራ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዝዛል። ያም ወረቀት የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን ልክ ይናገራል፤ ልጁ ሰው ሳያየው እንዴት እንደሚሠራ ግን ሊናገር አይችልም።

በአንድ ጠዋት በመርካቶ አካባቢ በአንድ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ያየሁትን እዚህ ላይ ማንሣት እወዳለሁ። ነጠላ ያደረጉ አንዲት አረጋዊት እናት ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ጨርቅ ገዝተው፣ ከመቀነታቸው የፈቱትን ገንዘብ ቈጥረው ሰጡና ወጡ። ዕድሜው ከሃያ የማያልፈው ሻጭ ገንዘቡን ደግሞ ሲቈጥር ከሁለት መቶ ብር ኖቶቹ ሁለቱ ተጣብቀው አገኛቸው። «እማማ! እማማ! ይጠብቁኝ» እያለ እስከ ደጃፍ ሮጦ ትርፉን መለሰላቸው፤ እርሳቸውም ጉንጩን ስመው፣ «ያሳድግህ፣ ለወግ ለማዕርግ ያብቃህ» ብለው መረቁት። ወደ ባንኮኒው ከመመለሱ ስልኩ ጮኸ። ጣራው ላይ በተሰቀለው ካሜራ ከሌላ ቦታ ሆኖ ሱቁን የሚያይ አሠሪው ነበር። «ለምንድን ነው ብር የመለስከው?» ሲል ድምፁ እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማኝ። ልጁም፣ «ጋሼ፣ ሁለት መቶው ተጣብቆ ነበር» አለ። ሌላ ቃል አልተጨመረም። ልጁ ስልኩን በኪሱ ከቶ ጨርቁን ማጠፍ ሲጀምር ግን፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት በፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን አልነበረም።

መሣሪያው በዚያች ሰዓት ሥራውን አልበደለም፤ እጅ ገንዘብ ሲሰጥ አይቶ፣ ያየውን ለባለቤቱ አሳየ። የሁለቱን ኖቶች መጣበቅና የልጁን ኅሊና ግን ከጣራ ላይ ሆኖ ሊያይ አልቻለም። ስለዚህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ የሚያስጠረጥር ሥራ ሆኖ ተገኘ። ካሜራ መስቀል ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሌባ ባለበት አገር በር መዝጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን አሠሪ፣ ማየት ማወቅ የመሰለው ዕለት፣ ሠራተኛውን ቀርቦ ማወቅ ያቆማል፤ ሠራተኛውም የሚታየውን ብቻ ማሳመር ይለምዳል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መተማመን መፍረስ የሚጀምረው ስርቆት ሲገባ ሳይሆን፣ መልካም ሥራ የሠራ ሰው ራሱን እንደ ተከሳሽ መከላከል ሲጀምር ነው።

ሁለት ሌሊቶች

መሣሪያና ወረቀት በሚከዱበት ሰዓት ምን እንደሚቀር ለማወቅ፣ በቅርብ ዓመታት ያለፉ ሁለት ሌሊቶችን ማስታወስ ይበቃል።

የመጀመሪያው በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ከዓርብ ወደ ቅዳሜ አጥቢያ የነበረው ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር ላይ በደረሰ ብልሽት የተነሣ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬውም ይልቁንም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ እንደ እሳት ተዛመተ። በኋላ ባንኩ ራሱ ያስታወቀው ያለ አግባብ የተወሰደ ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። በዚያች ሌሊት የጥበቃው መሣሪያ ሁሉ ተኝቶ፣ በእያንዳንዱ ወጣትና በገንዘቡ መካከል የቀረው ጠባቂ የወጣቱ ኅሊና ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መከሩ፤ ባንኩም ቀነ ገደብ ሰጥቶ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ ለጠፈ፤ አብዛኛውም ገንዘብ ተመለሰ። እንግዲህ እጅግ ዘመናዊ የሆነው መሣሪያ በተሰበረ ጊዜ ለጥገና የተጠራው ያው የመርካቶው ጥንታዊ መድኃኒት፣ ማለት ስምና ፊት፣ ክብርና እፍረት ነበር።

ሁለተኛው ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ እሳት የተነሣበት ሌሊት ነው። መተላለፊያው ጠባብ፣ ሱቆቹ የተጣበቁ ነበሩና እሳቱ ለብዙ ሰዓት ነደደ፤ የብዙ ሰውም የዕድሜ ልክ ድካም ዐመድ ሆነ። በእንደዚህ ያለ እሳት ዕቃው ብቻ አይቃጠልም፤ ለማን ምን ያህል በዱቤ እንደ ተሰጠ የተጻፈበት ደብተርም አብሮ ይቃጠላል። ደብተሩ በተቃጠለ ጊዜ ዕዳው የሚኖረው በባለዕዳው ልብ ውስጥ ብቻ ነው። ያ ባለዕዳ በማግሥቱ መጥቶ «ጋሼ፣ የእኔ ይህን ያህል ነው» ቢል፣ የተቃጠለው ሱቅ እንደ ገና ሊቆም ይችላል፤ ዝም ቢል ግን የሚከሰው ማስረጃ በምድር ላይ የለም።

ከእነዚህ ሁለት ሌሊቶች የምንማረው አንድ ነገር ነው። ደረሰኝ፣ ካሜራ፣ መታወቂያና ውል የተደረገውን ነገር ይመዘግባሉ፤ መመዝገባቸውም መልካም ነው፤ ተያዥ የሌለው እንግዳ ሰው በእነርሱ ምክንያት መብቱን አግኝቷልና። ነገር ግን ምዝገባው በተቋረጠበት ሰዓት ገንዘቡን የሚጠብቀው ጠባይ ነው፤ ጠባይም በዚያች ሌሊት አይፈጠርም፤ ከብዙ ጊዜ በፊት ማን አሳየው፣ ማን አስለመደው የሚለው ጥያቄ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ነገሩ ከሠራተኛው አልፎ ወደ መሪው ይደርሳል።

ከላይ ወደ ታች

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። የከተማው ገቢዎች ቢሮ የደረሰኝ ቁጥጥሩን በማጥበቁ፣ ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬም በመዛመቱ፣ ሥጋት በገበያው ላይ ወደቀ፤ ቢሮው ወሬው ሐሰት መሆኑን ቢናገርም ሱቁ ወዲያው አልተከፈተም። ቸርቻሪው በዚያን ጊዜ ያሰማ የነበረው አቤቱታ ለጉዳያችን እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ይኸውም፣ አስመጪውና ጅምላ ሻጩ ለእኔ ደረሰኝ ካልሰጠኝ እኔ ለገዢዬ ከየት አምጥቼ ልስጥ የሚል ነበር። በዚህ ቃል ውስጥ የአመራር ፍልስፍና ሁሉ ተጠቅልሎ ይገኛል። ከላይ ያልወረደ እምነት ከታች ሊጠየቅ አይችልም፤ ታችኛውም ሰው ላልተሰጠው ነገር ቢቀጣ ሕጉን ይፈራል እንጂ አያምነውም።

ይህንኑ ሚዛን ወደ አንዱ ሱቅ አግብተን ብንመዝን የባሰ ነገር እናገኛለን። አሠሪ ሠራተኛውን፣ «በደረሰኝ ከሆነ ይህን ያህል፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ ይህን ያህል በለው» ብሎ ሲያስተምረው፣ ተቈጣጣሪ ሲመጣ ደግሞ «ባለቤቱ የለም በል» ሲለው፣ ልጁ የንግድ ዘዴ የተማረ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የተማረው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሒሳብ ሁለት ዓይነት እንደ ሆነ፣ አንደኛው ለሚያየው ሰው የሚታይ፣ ሁለተኛው ግን የሚሰወር መሆኑን ነው። ከመንግሥት መሰወርን ለጌታው ሲል የተማረ ልጅ፣ ከጌታው መሰወርን ለራሱ ሲል ለመማር ሌላ መምህር አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ያ አሠሪ «የዘንድሮ ልጅ አይታመንም» እያለ ሁለተኛ ካሜራ ቢያሰቅል፣ የገዛ ትምህርቱን ፍሬ በመስተዋት እያየ ነው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለው ተረት በመሥሪያ ቤቶቻችን ስንት ሰው እንዳጠፋ የምናውቀው ነው። ይህ ተረት ሹመትን እንደ ማዕድ ያያል፤ ማዕድም የሚያልቅ ነገር ነውና ሁሉም ቶሎ ይሻማዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ ገብር ኄር ብላ የምታስበው ቸር አገልጋይ፣ የተሰጠውን መክሊት ከነትርፉ ይዞ በጌታው ፊት የቆመ ሰው ነው፤ ደመወዙም ለማረፍ ፈቃድ ማግኘት ሳይሆን በሚበልጥ ነገር ላይ መሾም ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በሦስተኛው እሑድ በምኵራብ የሚታሰበው ደግሞ የአምላክን ቤት የንግድ ቤት ያደረጉ ሰዎች መባረር ነው። በሁለቱ እሑዶች መካከል ያለው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ የነጋዴ ሕይወትም በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚጓዝ ነው፤ ወይ ንግዱን ወደ አደራ ከፍ ያደርገዋል፣ ወይ አደራውን ወደ ንግድ ያወርደዋል።

የሚመራ ሰው ምን ያድርግ

እንግዲህ በዚህ በተለወጠው ገበያ ሰው የሚያሠራ ሰው፣ ባለሱቅም ቢሆን፣ የአክሲዮን ማኅበር ሥራ አስኪያጅም ቢሆን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊም ቢሆን፣ ሊይዛቸው የሚገቡ ነገሮች በእኔ አስተያየት ብዙ አይደሉም፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ዋጋ ያስከፍላሉ።

አስቀድሞ ራሱን ከሠራው ሥርዓት በታች ማኖር ይገባዋል። ለሠራተኛው ሰዓት የሚቈጥር ሰው የራሱ ሰዓት እንዲቈጠር ይፍቀድ፤ ከሣጥኑ ገንዘብ ሲያወጣ እርሱም እንደ ሌላው ይፈርም። ባለቤት ሳይፈርም ያወጣው አንድ ሺህ ብር፣ በሒሳብ ሹሙ ደብተር ላይ ከሚያጎድለው ይልቅ በሠራተኞቹ ልብ ውስጥ የሚያጎድለው ይበልጣል።

ቀጥሎም እምነትን በደረጃ መስጠት ይገባዋል። የቀድሞው ሱቅ ልጁን ከመጥረጊያ ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ ቁልፍ ያወጣው ነበር፤ የዛሬው ሱቅ ግን ብዙ ጊዜ ሻጩን ለዓመታት በአንድ ባንኮኒ ኋላ አቁሞ፣ ኃላፊነት ሳይጨምርለት ታማኝነት ይጠይቀዋል። አደራ ሳይሰጡት ሰውን ታማኝ ነው፣ አይደለም ማለት አይቻልም። በአዋጅ የተወሰነው የሙከራ ጊዜ እጁ ለሥራው የሚበቃ መሆኑን ለመለየት ሊረዳ ይችላል፤ ጠባዩን ለማወቅ ግን ከፍ ከፍ የሚል መሰላል ያስፈልጋል፤ በመሰላሉም ጫፍ ላይ አንድ ቁልፍ ሊኖር ይገባል።

ከዚህም ጋር የተደበቀውን መልካም ሥራ ፈልጎ ማየት አለበት። ያ ወጣት ሻጭ ገንዘቡን በመለሰ ጊዜ አሠሪው «ለምን?» ከማለቱ በፊት «ምን ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከዚያም «ደግ አደረግህ» ቢለው፣ በዚያች ቀን ከሱቁ ገቢ ሁሉ የሚበልጥ ትርፍ ባገኘ ነበር። ካሜራን ስሕተት ለመያዝ ብቻ የሚመለከት ሰው ከቀን ወደ ቀን የሚያገኘው ስሕተት ብቻ ይሆናል።

ደግሞም ለእንግዳው ሰው በሩን መክፈት ይገባዋል። ዘመድ ያልሆነውን፣ ቋንቋው የተለየውን፣ ተያዥ የሌላትን ልጅ፣ በመታወቂያና በውል ተቀብሎ ማሠራት ዛሬ ይቻላል፤ አዲሱ ዘመን ያመጣልን ትልቁ በረከት ይኸው ነው። የውጭ ነጋዴ በገባበት ገበያ ውስጥ በዘመድ ብቻ የሚተማመን ቤት ጠቦ ይቀራል፤ በወረቀት ብቻ የሚተማመንም ቤት በመጀመሪያው የጨለማ ሌሊት ባዶውን ያድራል። የቀድሞውን ጥልቀት ከአዲሱ ስፋት ጋር ያዋሐደ ግን ጸንቶ ይኖራል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው ቢሰበር በሁለተኛው ሰባት ዓመት ቆመው እንደ ጸለዩ ገድላቸው ይተርካል፤ ለእኛ ለደካሞቹ ግን ሁለቱም እግሮች ያስፈልጉናል፤ አንዱ ሕግ፣ ሁለተኛው ኅሊና ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ በዓይኔ ላይ የሚመላለሰው፣ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙ በማይርቅ አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጠ እቁብ ነው። የእቁቡ ዳኛ ጠጉራቸው የሸበተ የቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው። አባላቱ ገንዘባቸውን ከማቅረባቸው በፊት ዳኛው የራሳቸውን ቈጥረው በጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ጸሐፊው መዘገበ፤ የተጠቀለሉት ወረቀቶች በባርኔጣ ውስጥ ተነቀነቁ፤ አንድ ሕፃን ተጠርቶ አንዱን አወጣ። ዕጣው የወጣው ለዳኛው የመጀመሪያ ልጅ ነበር፤ እርሱም የራሱ ሱቅ ያለው ሙሉ ሰው ነው። ቤቱ በእልልታና በሣቅ ሞላ። ልጁ ገንዘቡን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ አባቱ መዳፋቸውን በገንዘቡ ላይ አኖሩና፣ «ዋስህን ጥራ» አሉት።

ልጁም ፈገግ ብሎ፣ «አባዬ፣ እርስዎ እያሉ ምን ዋስ እጠራለሁ?» አላቸው።

«ዳኛ ለልጁ ዋስ አይሆንም» አሉ፤ መዳፋቸውንም አላነሡም።

ልጁ ተነሥቶ ከተቀመጡት መካከል ሁለት ሰዎችን በስማቸው ጠራ፤ ሁለቱም ቆመው «እኔ ዋስ ነኝ» አሉ፤ ጸሐፊው ጻፈ፤ ያን ጊዜ መዳፉ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሌላው አባል ሁሉ በተራው ዋስ ጥራ ሲባል ያለ ማጉረምረም ይጠራ ነበር፤ ዕጣውን ያወጣው ትንሹ ልጅም ባርኔጣውን በጭኑ ላይ ይዞ ያን ሁሉ ይመለከት ነበር። በሚመጣው ዘመን ደብተሩ ቢቃጠል፣ ስልኩም ቢዘጋ፣ ይህ ልጅ ያየውን ያውቃል።